በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ቋንቋ፦ የቀለሙ ሥራ

አንድ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ ሲያዘጋጅ ፋይሉ ታትሞ ከሚወጣው ገጽ ጋር አይመሳሰልም። በገጹ ላይ አንቀጽ፣ ቀመር፣ ሠንጠረዥና ሥዕል አለ። በፋይሉ ውስጥ ግን ሁሉም ፊደል ነው። ቀመሩ በዶላር ምልክት የታጠረ ፊደል ነው። ሠንጠረዡን ከላቦራቶሪ ውጤት እያሰላ የሚሞላው በሉዋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው። ግራፉን የሚስሉት በሜታፖስት የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ናቸው። በአባሪው ላይ ለአንባቢ የሚቀርበው የፓይተን ኮድም እዚያው ተጽፏል። አራት ቋንቋ በአንድ ፋይል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥቁር ፊደል ማንበብ አድካሚ ነው። ስለዚህ ኤዲተሩ ቀለም ይቀባል፤ ትእዛዙን ሰማያዊ፣ ኮሜንቱን ግራጫ፣ በትእምርተ ጥቅስ የታጠረውን አረንጓዴ ያደርጋል። ቀለሙ በፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም። ስክሪን ላይ ብቻ ያለ ነው፤ አንድ ፊደል በተነካ ቁጥርም እንደገና ይሰላል። ፕሮግራመሮች ሲንታክስ ሃይላይቲንግ የሚሉት ይህን ነው። ፋይሉ የአንድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ከሞላ ጎደል የተፈታ ነው። የገጽ ማቀናበሪያ ፋይል ላይ ሲደረስ ግን ዛሬም ያስቸግራል፤ ለምን እንደሚያስቸግር ቀረብ ብሎ ያየ ሰውም ላቴክ የተመሠረተበት ቴክ የሚባለው ፕሮግራም እንዴት እንደሚያነብ ይገባዋል።

ቋንቋን በቋንቋ ውስጥ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። ዶናልድ ክኑዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቴክን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የአንድ መጽሐፉ አዲስ እትም የማተሚያ ናሙና ደርሶት በፊደሉ ጥራት ስላዘነ ነበር የተነሳው። በኋላ ፕሮግራሙን እንደገና ሲጽፈው ዌብ ብሎ በሰየመው ዘዴ ተጠቀመ፤ ዛሬ ከምናውቀው የኢንተርኔት ዌብ ጋር ዝምድና የለውም። በዌብ ፋይል ውስጥ የፓስካል ፕሮግራምና ፕሮግራሙን ለሰው የሚያብራራ የቴክ ጽሑፍ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ታንግል የሚባለው መሣሪያ ፓስካሉን ለቅሞ ለኮምፒውተሩ ያቀርባል፤ ዊቭ የሚባለው ደግሞ ሰው የሚያነበውን ገጽ ያወጣል። በዚያ ገጽ ላይ የፓስካል ቁልፍ ቃላት በደማቅ ፊደል፣ ፕሮግራመሩ ያወጣቸው ስሞች በሰያፍ ፊደል ይታተማሉ። ቀለም አልነበረውም እንጂ ሐሳቡ ያኔም የተሟላ ነበር።

ቀለሙ በስክሪን ላይ የመጣበት ታሪክም ከመጽሐፍ ሥራ የራቀ አይደለም። በ1985 የአይቢኤም ባለሙያ ማይክ ካውሊሾው ሌክስ የሚባል ኤዲተር ሠራ። የታሰበው የኦክስፎርድን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ ኮምፒውተር ለሚያስገቡ አዘጋጆች ነበር። የመዝገበ ቃላት ጽሑፍ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ በሚናገሩ ምልክቶች የተሞላ ነው፦ ይህ ዋና ቃል ነው፣ ይህ አነባበቡ ነው፣ ይህ ጥቅስ ነው፣ ይህ ዓመተ ምሕረት ነው። ሌክስ አዘጋጁ ገና እየጻፈ ሳለ ጽሑፉን እየተነተነ በቀለም ይለይለት ነበር። ዛሬ የፕሮግራመር ዕቃ ብቻ የሚመስለን ነገር ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎቹ መካከል የመዝገበ ቃላት ሰዎች ነበሩበት ማለት ነው።

አብዛኞቹ ኤዲተሮች ቀለሙን የሚያወጡት ፋይሉን በትክክል ተረድተው አይደለም። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በሚባሉ የፊደል ቅጦች እያመሳሰሉ ነው። ቪም የሚባለው ኤዲተር ይህን ችሎታ ያገኘው በ1998 በወጣው 5.0 እትሙ ነው። በ2004 የመጣው ቴክስትሜት የራሱን የሕግ አጻጻፍ ይዞ መጣ፤ ያ አጻጻፍ ዛሬ በቪኤስ ኮድ ውስጥ በሥራ ላይ ነው። ለተከተተ ቋንቋ መንገዱ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፦ መክፈቻ ቅጥ ይሰጣል፣ መዝጊያ ቅጥ ይሰጣል፣ በመካከል ያለው በእንግዳው ቋንቋ ሕግ ይቀለም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የማይሠራበትን ጊዜ ግን ላቴክ የጻፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው በፓይተኑ ኮድ ውስጥ በሦስት ትእምርተ ጥቅስ ጽሑፍ ከፍቶ ሳይዘጋ ይቀራል። የፓይተን ሕግ በሦስት ትእምርተ ጥቅስ የተከፈተ ጽሑፍ እስኪዘጋ ድረስ ይቀጥላል ይላል፤ ስለዚህ ቀለሙ የኮዱን መዝጊያ ትእዛዝ ዋጥ አድርጎ ያልፍና ከዚያ በታች ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምዕራፉም ቀመሩም፣ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ቴክ ራሱ እንዲህ አያነብም። ኮድን እንዳለ በሚያትምበት ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚፈልገው መዝጊያ ትእዛዙን ብቻ ነው። ፓይተኑ ተዘጋ አልተዘጋ ግድ የለውም። መዝጊያ ትእዛዙ በፓይተን ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ እዚያው ላይ ይዘጋዋል። ባለቤቱ የውጪው ቋንቋ ነውና ቀለሙም ይህን ማክበር አለበት። ቪም ለዚህ ኪፕኤንድ የምትባል አንዲት ቃል አለችው፤ የውስጡ ሕግ የውጪውን መዝጊያ እንዳይሻገር የምትከለክል ናት። የቀለም ሕግ ለሚጽፍ ሰው ከብዙ ገጽ መመሪያ ይልቅ እሷን ማወቅ ይጠቅማል።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ሁለቱ ቋንቋዎች በአጥር የተለያዩበትን ነው። የበለጠ የሚያስደንቀው አጥሩ ሙሉ በሙሉ የማይለያቸው ጊዜ ነው፤ ለዚህም ከሉዋ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሉዋ በ1993 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ትንሽና ፈጣን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሃንስ ሃገን ከታኮ ሁክዋተርና ከሃርትሙት ሄንክል ጋር ሆኖ በቴክ ሆድ ውስጥ አስገባው፤ ሉዋቴክም በ2016 የ1.0 እትሙ ላይ ደረሰ። ዳይሬክትሉዋ የሚባለው ትእዛዝ በጥምዝ ቅንፍ የታጠረውን ጽሑፍ ለሉዋ ያስረክባል። ርክክቡ የሚፈጸመው ግን ቴክ ጽሑፉን በራሱ ዓይን ካነበበ በኋላ ነው።

አሁን በዚያ ቅንፍ ውስጥ 10 % 3 ብለን እንጻፍ። ለሉዋ ይህ 10 ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱ 1 ነው። ለቴክ ግን የ% ምልክት የኮሜንት መጀመሪያ ነው። ከምልክቱ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ይጥለዋል። ሉዋ ጋ የሚደርሰው 10 ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ ፒዲኤፉ ይወጣል፣ በሠንጠረዡ ውስጥ 1 መሆን የነበረበት ቦታ ላይ 10 ይታተማል።

በሉዋ ኮሜንት የሚጀምረው በሁለት ሰረዝ (--) ነው፤ እስከ መስመሩ መጨረሻም ይዘልቃል። ቴክ ግን ሲያነብ የመስመር መጨረሻዎችን ወደ ባዶ ቦታ ስለሚለውጣቸው ፕሮግራሙ ለሉዋ የሚደርሰው አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈች አንዲት ኮሜንት ከሷ በኋላ ያለውን ፕሮግራም በሙሉ ይዛ ትሄዳለች። እኩል አይደለም ለማለት ሉዋ የሚጠቀምበት ~= ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ላቴክ ~ን የማይሰበር ክፍት ቦታ አድርጎ ስለሚተረጉመው ሉዋ የማያውቀው ነገር ይደርሰዋል።

ታዲያ ኤዲተሩ ይህን ክፍል በምን ቀለም ይቀባው? የሉዋን ሕግ እንዳለ ወስዶ ከቀባው 10 % 3 እንደ ሂሳብ ያምራል፣ ከኮሜንቱ በታች ያሉት መስመሮችም ሕያው ኮድ ይመስላሉ። ያ ቀለም ውሸት ነው። ትክክለኛው ቀለም ከ% በኋላ ያለውን ግራጫ ማድረግ፣ ከ-- እስከ መዝጊያው ቅንፍ ያለውንም ሁሉ ግራጫ ማድረግ ነው። ጸሐፊው ያን ግራጫ ሲያይ ደንግጦ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡም ከመታተሙ በፊት ይስተካከላል። እኔ በበኩሌ ከሚዋሽ ቀለም ቀለም የለሽ ስክሪን እመርጣለሁ። ጥቁሩ ቢያንስ እንድንጠነቀቅ ያደርገናል፤ የተሳሳተው ቀለም ግን ኮዱን የመረመረልን ይመስል ያዘናጋናል።

ይኸው የሉዋ ኮድ ሉዋኮድ በሚባለው ፓኬጅ ባለኮከብ ክፍል ውስጥ ቢጻፍ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቴክ ምንም ሳይነካ እንዳለ ያስተላልፋል፤ % ማካፈል ነው፣ -- የአንድ መስመር ኮሜንት ነው። ያው ጽሑፍ፣ ያው ቋንቋ፣ በየትኛው በር እንደገባ ታይቶ ሁለት የተለያየ ቀለም ይገባዋል ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር ቴክ ፊደልን የሚያይበት መንገድ ነው። ቴክ የሚያነበውን እያንዳንዱን ምልክት ከ0 እስከ 15 ቁጥር ካላቸው 16 ምድቦች በአንዱ ይመድበዋል። ወደ ግራ ያዘመመው ሰረዝ (\) ምድቡ 0 ነው፣ ትእዛዝ ይጀምራል። ፊደላት 11 ናቸው። የኮሜንት ምልክት 14 ነው። እነዚህ ምድቦች የተቆረጡ ሕጎች አይደሉም፤ ሰነዱ ራሱ በመካከል ሊለውጣቸው ይችላል። ኮድን እንዳለ የሚያትሙት ክፍሎች የሚሠሩትም በዚህ ነው፦ ልዩ ምልክቶችን ሁሉ ለጊዜው ተራ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ % በዚህ መስመር ላይ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ያለውን ሰነድ ያስኬደው ቴክ ብቻ ነው። ኤዲተሩ ሰነዱን አላስኬደም፤ ይገምታል።

ግምቱ የተሻለ እንዲሆን ጸሐፊው ሊያግዘው ይችላል። ብዙ ሰው ለኮዶቹ የራሱን ክፍል በራሱ ስም ይፈጥራል፤ ኤዲተሩ ያን ስም ስለማያውቅ በውስጡ ያለውን የዶላር ምልክት ቀመር የተጀመረ መስሎት ይደናገራል። ኢማክስ በሚባለው ኤዲተር የሚሠራው ኦክቴክ እንዲህ ያሉትን ክፍሎች ስም የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው፤ ለቪም የተሠራው ቪምቴክም የተከተቱ ቋንቋዎችን የሚያስተናግድበት ቅንብር አለው። የራሱን ክፍል የፈጠረ ሰው ስሙን እዚያ ቢያስመዘግብ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

የመከተቱ ጥልቀትም ሁለት ደረጃ ላይ አይቆምም። ሃገን በሠራው ኮንቴክስት በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ሜታፖስት በቴክ ሰነድ መካከል ይጻፋል። ሜታፖስት ደግሞ በሥዕሉ ላይ ቃል መጻፍ ሲፈልግ ቢቴክ ብሎ ከፍቶ ኢቴክ ብሎ ይዘጋል፤ በመካከል ያለው እንደገና ቴክ ነው። ሉዋም እንዲሁ ሠርቶ ሲጨርስ የቴክ ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ይመልሳል። በቅጥ ማመሳሰል ብቻ የሚሠራ ቀለም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይዝላል። ሃገን ሳይት ለሚባለው ኤዲተር የራሱን የቀለም ሕጎች በሉዋ የጻፈው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከ2018 ወዲህ የታወቀው ትሪሲተር የተለየ መንገድ ይዟል። ማክስ ብሩንስፌልድ በጊትሃብ ለአተም ኤዲተር የጀመረው ይህ መሣሪያ ቅጥ አያመሳስልም፤ ፋይሉን በቋንቋው ሰዋስው ተንትኖ ዛፍ ያወጣል። መጀመሪያ የውጪው ቋንቋ ይተነተናል። በዛፉ ላይ ይህ ክፍል የፓይተን ነው የሚል ሲገኝ የዚያ ክፍል ስፋት ብቻ ለፓይተን ተንታኝ ይሰጠዋል። የውስጡ ተንታኝ ከተሰጠው ስፋት ውጪ ማየት ስለማይችል ያ ያልተዘጋ ትእምርተ ጥቅስ ምዕራፉን አረንጓዴ ሊያደርግ አይችልም። አንድ ፊደል ሲለወጥም ዛፉን በሙሉ እንደገና አያበቅልም፤ የተነካውን ብቻ ያድሳል። ኒዮቪም በ2021፣ ኢማክስም በ2023 በ29ኛው እትሙ አስገብተውታል። የዳይሬክትሉዋን ችግር ግን ይህም በራሱ አይፈታውም፤ የላቴክን ሰዋስው የጻፈው ሰው % እዚያ ምን እንደሚያደርግ ካላሰበበት ዛፉም ይሳሳታል።

በወረቀት ላይ የሚወጣው ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። ሊስቲንግስ የሚባለው በ1990ዎቹ የመጣ ፓኬጅ ኮዱን ራሱ በቴክ ውስጥ ይቀባል፤ ከቴክ ሌላ ምንም አይፈልግም። ሚንትድ ደግሞ ኮዱን ወደ ውጪ አውጥቶ ፒግመንትስ ለሚባለው የፓይተን ፕሮግራም ይሰጥና ተቀብቶ ሲመለስ ያትመዋል። ቀለሙ የተሻለ ነው። ሰነድ የውጪ ፕሮግራም ማስጀመር መቻሉ ግን ለደኅንነት ያሰጋል፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል በኮምፒውተራችሁ ላይ የፈለገውን ሊያደርግ ይችላልና። በ2024 የወጣው ሦስተኛው የሚንትድ እትም ይህን ሥጋት ለመቀነስ ታስቦ እንደገና የተሠራ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሊስቲንግስ የተሠራው አንድ ፊደል አንድ ባይት በነበረበት አስተሳሰብ ነው፤ የግእዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። በኮዱ ውስጥ የአማርኛ ኮሜንት የጻፈ መምህር በሊስቲንግስ ሲያትመው ይቸገራል። ሚንትድ ከሉዋላቴክ (በሉዋቴክ ከሚሠራው ላቴክ) ጋር ሆኖ፣ ፊደሉ የግእዝ ቁምፊ ካለው፣ በትክክል ያወጣዋል።

ለኛ ፊደል የቴክ ቤት ቀድሞም ክፍት ነበር። ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ጋር የሠሩት ኢትዮፕ የሚባለው ፓኬጅ ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት ግእዝን በቴክ ለማተም ያስቻለ ሥራ ነው። ጸሐፊው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ገጹ ላይ በግእዝ ፊደል ይወጣል። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ አማርኛው ራሱ የተከተተ ቋንቋ ነበር፤ ትእዛዙም ጽሑፉም ላቲን ስለሆኑ ቀለም ከሌለ መለየቱ ከባድ ነው። ዛሬ በቀጥታ በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ትእዛዙ ከአማርኛው ያለ ቀለም ይለያል። ብራና ጸሐፊዎቻችን የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፉ አንባቢው ገና ቃሉን ሳያነበው ምን እንደሆነ እንዲያውቅ እንዳደረጉት፣ እዚህ የፊደሉ ቅርጽ ራሱ ያን ሥራ ይሠራል።

ይሁንና አማርኛ የራሱን ወጥመድ ይዞ ይመጣል። ዚቴክ በሚባለው ሌላ የቴክ ዝርያና በሉዋቴክ የግእዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ሁሉ ምድቡ 11 ነው። ስለዚህ \ርዕስ የሚባል ትእዛዝ መፍጠር ይቻላል፤ ትእዛዝ ማለት በላቲን የተጻፈ ብቻ ነው ብለው የተጻፉ የቀለም ሕጎች ግን አይለዩትም፤ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ተገላቢጦሹ ይብሳል። አማርኛ ን፣ ው፣ ም እያለ ከቃል ኋላ ይለጥፋል። የላቴክን ዓርማ የሚያወጣውን ትእዛዝ ጽፎ ወዲያው ን የሚለጥፍ ሰው ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ትእዛዝና ጥቁር ን ያያል፤ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል። ቴክ ግን ን ፊደል ስለሆነች የትእዛዙ ስም አካል አድርጎ ያነባትና እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ብሎ ይቆማል። መፍትሔው በመካከላቸው ባዶ ጥምዝ ቅንፍ {} ማስገባት ነው። ኤዲተሩ ንንም ሰማያዊ አድርጎ ቢያሳይ ኖሮ ጸሐፊው ስህተቱን ያኔውኑ ያየው ነበር፤ ይህን ሕግ ለማስተካከል የሚያስፈልገው በቅጡ ውስጥ የግእዝን ፊደላት መጨመር ብቻ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ፕሮግራመር ለሚጠቀምበት ኤዲተር ይህን ማስተካከያ ቢልክ ሁላችንንም ይጠቅማል።

ልምድ ያላቸው ሰዎች የውስጡን ቋንቋ ከሰነዱ አውጥታችሁ በራሱ ፋይል አስቀምጡት ይላሉ። ለረጅም ፕሮግራም እስማማለሁ፤ ድንበሩ የፋይል ድንበር ይሆናል፣ እያንዳንዱም በራሱ ሕግ ይቀለማል። አንድ ዓምድ የሚደምሩ ሦስት አራት መስመሮች ግን ከሠንጠረዡ አጠገብ ቢቆዩ ይሻላል፤ ከዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እዚያው ያገኘዋል። ባለኮከቡ የሉዋኮድ ክፍል ውስጥ ይግቡ፤ እዚያ % እና -- ሉዋ የሚሰጣቸውን ትርጉም ይይዛሉ፣ የኤዲተሩ ቀለምም ከሚታተመው ጋር ይስማማል።